ከወፍጮው ድንጋይ ሥር ያለችው ማጭድ

ጋሽ ወዳጆ ቀይ ቀበሮ ባዩ ቁጥር የመጀመሪያቸው ይመስል ይጮኻሉ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የሻሽ ውሃን ጥብቅ ሣር መጠበቅ ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አሥራ ሁለቱን ዓመት የጠባቂዎች አለቃ ሆነው ነው ያሳለፉት። ቀበሮ ግን ዛሬም አይጠግቡም።

«ያውላችሁ! ያውላችሁ! አይጧን አድብታ... ቆይ፣ ቆይ... ዘለለች! ያዘቻት!»

መጋቢት 12 ቀን ጠዋት ይህን ጩኸት የሰማችው ሳሌም ነበረች። ሳሌም የክልሉን ፓርኮች ድንበር የምትለካ ባለሙያ ናት። ሻሽ ውሃ በክልል ፓርክነት ሊመዘገብ ስለሆነ ከመሐል ሜዳ በሚኒባስ እስከ ዘመሮ፣ ከዘመሮ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሯ መጥታ፣ ገና ትንፋሿ አልተመለሰም።

«ጋሼ፣ እንዲህ ሲጮኹ አትሸሽም?»

«እኔን ታውቀኛለች። የምትደነግጠው ዝም ያልኩ ዕለት ነው፤ ምን ነካው ብላ!»

ከቆሙበት ከጅብራ አፋፍ ላይ ሁሉም ይታያል። ጓሳ ሣሩ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ከአፋፉ ግርጌ ሻሽ ውሃ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ወፍጮ ሜዳ የሚባለው መስክ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ቀበሮዋ ጉድጓዷን የቆፈረችው እዚያ ነው፤ ዘንድሮ አራት ወልዳለች። ጋሽ ወዳጆ አራቱንም ከሩቅ ለይተው ያውቋቸዋል፤ ለአንዷ በሟች ባለቤታቸው ስም ሙሉመቤት ብለው ስም አውጥተውላታል። ይህን ለሳሌም አልነገሯትም።

የሥፍራው ሕግ አጭር ነው። ከአፋፉ እስከ ውሃው ያለው ሣር ይዘጋል። ሽማግሎች «ደርሷል» እስኪሉ ድረስ፣ ሦስትም ይሁን አምስት ዓመት፣ ማጭድ አይገባበትም፤ ከብት አይነዳበትም። ሲደርስ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይታወጅና ከየቤቱ አንድ ሰው አንድ ማጭድ ይዞ ይገባል። ቤት የሚከደነው፣ ገመድ የሚገመደው፣ የዝናብ ገሳ የሚሠራው በዚህ ሣር ነው። በተዘጋበት ጊዜ ሲያጭድ የተያዘ ሰው የገዛ ቤቱ ክዳን ይነቀልና ሣሩ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። በጥንቱ ዘመን የነበረው ቅጣት ይህ ነው፤ ዛሬም የሻረው ሰው የለም።

ችግሩ «እስከ ውሃው» የሚለው ላይ ነበር። በ1978 ዓ.ም. የወንዙ ዳር ሰው ሁሉ ተነስቶ ራቅ ባለ መንደር ሲሰፍር ሥፍራው አምስት ዓመት ሰው አልባ ሆነ። የጋሽ ወዳጆ ሰፈር ሰዎች እንደሚሉት ወንዙ አቅጣጫውን የለወጠው ያኔ ነው። ቀድሞ ከሜዳው ባሻገር፣ በፀሐይ መውጫ በኩል ይፈስ ነበር፤ አንድ ክረምት ሞልቶ ገነፈለና ወደ አፋፉ ግርጌ መጣ። ሰው ሲመለስ ሜዳው ከወንዙ ማዶ ቀርቶ አገኘው። የማዶ ሰዎች ደግሞ ወንዙ ከጥንትም እዚሁ ነው፣ ሜዳው የእኛ ነው፣ ገብስ እንዘራበታለን ይላሉ። በዚህም በዚያም ሽማግሌ መሰከረ። ሳሌም ያገኘችው የድሮ የአየር ፎቶ ላይ ቦታው በደመና ተሸፍኗል። በመጨረሻ ድንበሩን የሚያጣራው ኮሚቴ «የአፍ ምስክር እኩል ሆነ፤ ጽሑፍ ያለው መጋቢት 13 ያቅርብ፤ ድንበሩ በዚያው ይለካል» ብሎ ወሰነ።

«ጽሑፍ ከየት ይመጣል?» አሉ ጋሽ ወዳጆ እየሳቁ። «እዚህ የሚጽፈው ውርጭ ብቻ ነው።»

ያን ጊዜ ምንይሉ በፈረስ ሽቅብ ወጣ። ምንይሉ የማዶዎቹ ነገረ ፈጅ ነው፤ ሲከራከርም ሲቀልድም አፉ አያርፍም።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ወዳጆ! ቀበሮዎ ደህና አደረች? ከነገ ወዲያ ቤት ይፈልጉላት።»

«አንተ ቤት አስገባታለሁ። አይጥ አስቸገረኝ ስትል ሰምቻለሁ።»

ምንይሉ ከት ብሎ ሳቀና ከፈረሱ ወረደ። «ጽሑፍ ተገኝቷል እኮ። ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ ከድሮው መዝገብ ውስጥ። አጎቴ የሣር ዳኞች ጸሐፊ አልነበሩ? የወፍጮው ድንጋይ ከውሃው ማዶ እንደሆነ በ1966 ተጽፏል። ነገ ቄስ ገብረ አማኑኤል ያነቡታል። ደግሞ ጉድ ልንገርዎ፤ የእርስዎም ስም አለበት!»

ጋሽ ወዳጆ መልስ አልሰጡም። ታች ሣሩ ውስጥ ቀበሮዋ ራሷን ቀና አድርጋ ወደ አፋፉ ተመለከተች።

ጋሽ ወዳጆ ቤታቸው ሲደርሱ ገና ፀሐይ አልገባችም። በግቢያቸው ሁለት ቤት አለ፤ አንዱ ቆርቆሮ፣ አንዱ የድሮ የሣር ጎጆ። ጎጆዋ በር ላይ ተቀምጠው ክዳኗን ሲያዩ ቆዩ። ነሐሴ 1966 የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። ሙሉመቤት የመጀመሪያ ልጃቸውን ወልዳ አራስ ቤት ተኝታለች፤ ጣራው ያፈሳል። ሕፃኗን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ስታሸሽ ሌሊቱ ይነጋል። ሣሩ ተዘግቷል። በሦስተኛው ቀን ማጭዳቸውን ይዘው በጭጋግ ወረዱ። የውሃ ወፍጮው ከእሳቸው በፊት የፈረሰ ነው፤ ድንጋዩና ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ብቻ ቀርተዋል። ከድንጋዩ አጠገብ፣ ከተዘጋው ሣር ውስጥ፣ አንድ ሸክም አጨዱ። ሦስት ቀን ተመላልሰው ጎጆዋን ከደኑ። በአራተኛው ቀን ይሥሐቅ የሚባል ጠባቂ ድምፅ ሲያሰማ ማጭዷን ቀዳዳው ውስጥ ወረወሯት፤ ሸክሙን ግን መደበቅ አልቻሉም።

«ያጨድኩት ከውሃው ማዶ ነው» ብለው ማሉ። መሐላ ከወረደ በኋላ ወርዶ ቦታ ማየት መሐላውን መናቅ ነው ተብሎ፣ ከዳኞቹ አንድም ሰው ከአፋፉ አልወረደም። ይሥሐቅ «ድንጋዩ ከወዲህ ነው! ኑና እዩ!» እያለ ጮኸ፤ የሰማው የለም። በሐሰት ከሰሰ ተብሎ ከጠባቂነቱ ተሻረ፤ እንደተሻረም ሞተ።

እውነቱን የምታውቀው ሙሉመቤት ብቻ ነበረች። በየዓመቱ ሣሩ ሲታወጅ «ያቺን ማጭድ ሳታወጣ እንዳትሞት» ትላቸው ነበር። ዘንድሮ ኅዳር 14 ቀን እሷ ቀደመች። የመጨረሻ ቃሏም እሱው ነበር፤ «እሺ» ብለዋታል። «እሺ» ካሉ ግን አራት ወር አለፈ። አለቃ ናቸው፤ ሰው ያምናቸዋል፤ እንግዳ ይጨብጣቸዋል። ነገ ያ መሐላ ሲነበብ ዝም ካሉ ስማቸው ይተርፋል፤ ሜዳው ከእነ ቀበሮው ይታረሳል። ከተናገሩ ሜዳው ምናልባት ይተርፋል፤ ስማቸው ግን አይተርፍም።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በሰው ሞላ። ቄስ ገብረ አማኑኤል መነጽራቸውን አስተካክለው መዝገቡን ገለጡ።

«ነሐሴ 9 ቀን 1966 ዓ.ም.። ወዳጆ ሣር ተሸክሞ በጠባቂው በይሥሐቅ ተያዘ። ሣሩን ያጨድኩት ከወፍጮው ድንጋይ አጠገብ ነው፤ ድንጋዩም ከውሃው ማዶ፣ ከተዘጋው ሣር ውጭ ነው ሲል ማለ። በመሐላው ተለቀቀ። ይሥሐቅ በሐሰት ከሷልና ተሻረ።»

የማዶ ሰዎች አጨበጨቡ። ከጠባቂዎቹ መሐል የቆመችው ወለተ ኢየሱስ ብቻ አንገቷን ደፋች፤ የይሥሐቅ ልጅ ናት። ሳሌም ብዕሯን አነሳች።

«ልጄ፣ አትጻፊ» አሉ ጋሽ ወዳጆ። «ውሸት ነው።»

«አጎቴን ነው ውሸታም የሚሉት?» አለ ምንይሉ።

«አጎትህ የሰማውን ጻፈ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ድንጋዩ ከወዲህ ነበር፤ ውሃው ከድንጋዩ በፀሐይ መውጫ በኩል ነበር የሚፈሰው። ከተዘጋው ሣር ሰርቄ አጨድኩ፤ በዚህ ደጅ በሐሰት ማልኩ። ይሥሐቅ እውነቱን ነው የተናገረው።»

ቀድሞ አፉን የከፈተው ምንይሉ ነው።

«እንግዲህ ጉድ ነው! አንዴ በሐሰት ምያለሁ የሚል ሰው ሁለተኛ ሲናገር እንመነው? ያኔ ለጣራዎ ዋሹ፤ ዛሬ ለቀበሮዎ ቢዋሹስ?»

ሰው ሁሉ አጉረመረመ፤ ልክ ነው የሚል ማጉረምረም ነበር።

«እኔን አትመኑኝ» አሉ ጋሽ ወዳጆ። ድምፃቸው የአፋፉ ላይ ድምፅ ሆነ። «ማጭዴን እመኑ! ወፍጮው ውሃውን የሚተፋበት ቀዳዳ ውስጥ ነው የወረወርኳት። እጀታዋ እንዳይላላ በአሥር ሳንቲም አጥብቄዋለሁ፤ ሳንቲሙን መሐሉ ላይ በስቼ። ቀዳዳው በፀሐይ መውጫ በኩል ከሆነና ፊቱ የወንዝ ጠጠር ካለ፣ ውሃው የት እንደነበር ማጭዷ ትንገራችሁ። ከሌለች ሜዳውን እረሱት!»

ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንደሮጠ አይታወቅም። ጋሽ ወዳጆ አካፋ ተሸክመው፣ ቄሱ መዝገቡን አቅፈው፣ ሳሌም ጂፒኤሷን አንጠልጥላ፣ ሴቱ ነጠላውን አስሮ፣ ሰው ሁሉ ቁልቁል ወረደ። ወንዙን ድንጋይ በድንጋይ እየዘለሉ ተሻገሩ። ጋጋኖ የሚባሉት ወፎች እየጮኹ ተነሱ። ድንጋዩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሜዳው መሐል ግማሹ ተቀብሮ ተቀምጧል። ጋሽ ወዳጆ ግን ሃምሳ ዓመት አጠገቡ ቆመው አያውቁም።

«በዚህ በኩል» አሉ።

ምንይሉ አካፋውን ነጠቃቸው። «እኔ ነኝ የምቆፍረው። እርስዎ ከእጅጌዎ ጥለው ተገኘች እንዳይሉን!»

ክንድ ያህል አፈር ወጣ፤ ምንም የለም። ምንይሉ ላቡን ጠረገ። «ጋሽ ወዳጆ፣ ድንች እንኳ የለበትም።» ጥቂት ሰው ሳቀ። ቀጠለ። አካፋው ድንገት ተንኳኳ፤ ጠጠር ነው። ሳሌም ጉድጓዱ ውስጥ ዘላ ገባችና አንድ እፍኝ አወጣች። ሁሉም እንደ እንቁላል የተሟለጠ ክብ ጠጠር ነው።

«ይሄ በውሃ የተንከባለለ ነው!» አለች። «ቆፍር! ቆፍር!»

አሁን የማዶውም የወዲሁም ሰው በእጁ ይቆፍር ጀመር። ጠርብ ድንጋይ ብቅ አለ፤ ከሥሩ የቀዳዳው አፍ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ያዞረ። ምንይሉ በደረቱ ተኝቶ እጁን እስከ ብብቱ ከተተ። ፊቱ ተለወጠ።

«ምንድን ነው? ተናገር እንጂ!»

ቀስ ብሎ አወጣው። ዝገት የበላው ጠማማ ብረት ነው፤ እንጨቱ አልቋል። ከብረቱ ጭራ ላይ ግን አረንጓዴ የሆነች ክብ ነገር ተጣብቃለች። ምንይሉ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረጋት። መሐሏ የተበሳ አሥር ሳንቲም ናት።

እልልታው ከየት እንደጀመረ ማንም አላወቀም። ሳሌም ጠጠሩን እየተከተለች፣ ሁለት ሦስት ቦታ እያስቆፈረች፣ «ይቀጥላል! እዚህም አለ!» እያለች ሜዳውን ዳር ለዳር አቋረጠች። አሮጌው ወንዝ ከሣሩ ሥር አንድ ሺህ አንድ መቶ እርምጃ ተኝቶ ኖሯል። ሜዳው በሙሉ ከወዲህ ገባ።

«ሰው በማጭድ ሣር ይሰርቃል» አለ ምንይሉ አፈሩን ከልብሱ እያራገፈ። «እርስዎ በአንዲት ማጭድ አርባ ሄክታር ወሰዱብን!» ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ያዘ።

ጋሽ ወዳጆ ግን ወለተ ኢየሱስን ነበር የሚፈልጉት። የአለቅነት ዱላቸውን በሁለት እጃቸው አቀረቡላት። አልተቀበለችም። ወደ ቄሱ ዞረች።

«አባቴ፣ ያ የተጻፈው ይፋቅልኝ።»

«አይፋቅም፣ ልጄ። የተጻፈ እንደተጻፈ ይቆያል፤ እውነቱ ከሥሩ ይጻፋል።» ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ጻፉ፤ ቀኑን፣ ማጭዷን፣ የሳንቲሟን ቀዳዳ ሳይቀር። «ይሥሐቅ እውነት ተናግሮ ነበር» የሚለውን ሁለት ጊዜ እንዲያነቡላት አደረገች። ከዚያ ዱላውን ወሰደች።

«ጋሽ ወዳጆ» አለች፣ «ቅጣቱስ?»

«አለሁልሽ!»

«ቆርቆሮውን አይደለም። ያቺን ጎጆ ነው።»

«እሷን እንጂ!» አሉ። እንዲህ ያለ ብሩህ ፊት ከሙሉመቤት ሞት ወዲህ ያየላቸው ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ሰው ግቢያቸው ውስጥ ነበር። የሣር ቤት ሲያረጅ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይደረባል እንጂ የሥሩ አይነሳም። ጋሽ ወዳጆ በመሰላል ወጥተው ክዳኑን በገዛ እጃቸው እየነቀሉ ጣሉት፤ መጀመሪያ ግራጫውን፣ ቀጥሎ ቡናማውን፣ በመጨረሻ ጢስ ያጠቆረውን የ1966ቱን ሣር። ምንይሉ ከታች እየተቀበለ ያስራል። ወለተ ኢየሱስ ሸክሙን እየቆጠረች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ትልካለች። የመጨረሻው እፍኝ ሲነሳ አራስ ቤት የነበረው ጥግ ፀሐይ ገባበት። ጋሽ ወዳጆ ባዶው ማገር ላይ ቁጭ ብለው ቁልቁል ያንን ጥግ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

ከዚያ ቀና ሲሉ፣ ከጣራው ላይ፣ ወፍጮ ሜዳ በሙሉ ይታያል። ከተቆፈረው አፈር ጫፍ ላይ ቀይ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ከኋላዋ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«ያውላችሁ!» አሉ፣ ማገሩ እስኪንቀጠቀጥ። «ያውላችሁ! አራቱም!»

ታች የነበረው ሰው ሁሉ የያዘውን ሣር ጥሎ ዞረ።