ያልታጨደው ሣር

ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ከክፍላችን ጀርባ ከተማሪዎቼ ጋር ዋንዛና ብሳና ተክለን፣ ወፍና ንብ እንዲሰፍርበት ሣሩን ሳናጭድ ተውነው።

የደብሩ ቄስ በአጥሩ ጥግ ባለው መንገድ ባለፉ ቁጥር፣ «መምህር፣ ኧረ ይህን ሣር ያሳጭዱት፤ ዘመኑን እያዩት!» ይሉኛል። ለከብቶቻቸው የፈለጉት መስሎኝ አንድ ቀን ቱግ አልኩ፤ «አባ፣ ይህ የልጆቹ መማሪያ እንጂ የላም ቀለብ አይደለም!» አማትበው ሄዱ።

መስከረም ላይ ሣሩ ከወገቤ አለፈ። አንድ ጠዋት ወፍ ልናይ ስንገባ አንዲትም ወፍ የለችም። መሀል ላይ ሣሩ አራት ቦታ በሰው ቁመት ልክ ተደፍጥጧል፤ ከየመኝታው ፊት ሣሩ ተገልጦ መንገዱ ይታያል።

አንዷ ተማሪዬ ጎንበስ ብላ መዳፏን አሳረፈችበት።

«ቲቸር፣ ገና እንደሞቀ ነው» አለችኝ።