የነሐሱ በሬ ቀንበር

ባለፈው የገበያ ቀን ከአበርገሌ በኩል የመጣች ማር ሻጭ የገንቦዋን አፍ ስትከፍት፣ ፀሐይ ያለሰለሰው የሰፈፍ ሽታ ከነሙቀቱ ፊቴ ላይ መጣ። ቆምኩ። የወጣሁት ማር ልገዛ አልነበረም፤ ሚስማር ልገዛ ነው። ሴትዮዋ ባዶ እጄን አይታ «ከገዛህ ግዛ፤ ማሽተት በነጻ ነው ያለህ ማን ነው?» ስትለኝ አጠገቧ የተቀመጡት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እግሬ ግን አልንቀሳቀስ አለኝ። ያ ሽታ የአባቴ የማቅለጫ ቤት ሽታ ነው። የወንድሜ የሲሳይ እጅ ሽታ ነው።

ቤታችን ሰቆጣ ከተማ ዳር፣ ወደ ከብት ገበያው በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ማለቴ ዛሬም አለ፤ ግን ያ ቤት አይመስለኝም። ከመኖሪያችን ጀርባ በድንጋይ የታጠረ፣ ግማሹ ጣሪያ ያለው ግማሹ ሰማይ የሆነ ግቢ ነበር። አባቴ ነሐስ የሚያቀልጠው እዚያ ነው። አያቴም እዚያው ያቀልጥ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን መስቀልና ደወል፣ ለሴቶች አምባር፣ ለበቅሎ ቃጭል ይሠሩ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በየተራራው የቀረው የጥይትና የመድፍ ቀለህ ለነሐሱ ሲባል በጆንያ እየተጫነ መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ይከመራል፤ እኔና ሲሳይ ያደግነው በዚያ ክምር ላይ እየተንሸራተትን ነው። ሱሪያችን ከኋላው የተጣፈ ነበር። ሰዉ ቀጥቃጭ ይለናል። አባቴ ሲያልፍ ሴቶች የሕፃኖቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ሕፃኑ አንገት ላይ ያለው መስቀል ግን የአባቴ ሥራ ነው። እሱ አይቶ አይከፋውም። «መስቀሉን ካልሸፈኑት ምን ቸገረኝ» ይል ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጭቃ ከጭድና ከአዛባ ጋር ተቦክቶ የነገሩ ሆድ ይሠራል። በላዩ ሰም ይለበጣል፤ መልኩ የሚወጣው በሰሙ ላይ ነው። ከዚያ ሰሙ እንደገና በጭቃ ይሸፈንና እሳት ይገባል፤ ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣል፣ እሱ በለቀቀው ቦታ ነሐሱ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል። ስለዚህ አንዱ ከሌላው ጋር ቁርጥ አንድ የሆነ ነገር ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። የፈሰሰውን ሰም እናቴ በሸክላ ተቀብላ ለቤተ ክርስቲያን ትሰጣለች፤ ጧፍ ይሆናል። ቅዳሴ ላይ ጧፉ ሲበራ ሲሳይ ጎንተል ያደርገኝና «ያቺ መስቀሉ ላይ የሠራኋት የርግብ ክንፍ ናት የምትነደው» ይለኛል፤ እኔ ሳቄን ለማፈን ነጠላዬን እነክሳለሁ።

አባቴ ከእኛ ጋር አማርኛ ይናገራል፤ ነሐስ ሲያፈስ ግን ኽምጣኛ ብቻ ነው። ከአባቱ የወረሰው ልማድ ነው፤ እሳት ፊት ሌላ ቋንቋ ከአፉ አይወጣም። ለምን እንደሆነ ሲሳይን የጠየቀው ሰው «እሳቱ ትምህርት ቤት ስላልገባ ነዋ» የሚል መልስ ያገኛል። ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርኩ። ቃላቱን አጥርቼ ባልሰማም፣ መቼ ማፍጠን መቼ ማቆም እንዳለብኝ ከአባቴ ድምፅ አውቅ ነበር። ዛሬም አንዳንዴ አንድ ሽማግሌ በኽምጣኛ ጠንከር አድርጎ ሲናገር እጄ ሳላስበው ይነሣል።

ዝናቡ ደህና የዘነበበት አንድ ዓመት ላይ የከተማው ሽማግሌዎች መጡ። በከብት ገበያው መግቢያ የሚቆም፣ እውነተኛ በሬ የሚያህል የነሐስ በሬ ሥራልን አሉት፤ ቀደም ባለው ድርቅ ያለቀውን ከብት የሚያስታውስ። አባቴ አመነታ። ከደወል የሚበልጥ ነገር አፍስሶ አያውቅም። ደግሞም እሱ የእሳት ሰው ነው እንጂ መልክ የሚያወጣ አልነበረም። የመልክ እጅ የተሰጠው ለሲሳይ ነው። ገና አገጩ ላይ ጢም ማብቀል የጀመረ ልጅ ነበር። አባቴ ወደ እሱ ዞር ሲል፣ ሳይጠየቅ «እንችላለን» አለ።

ለአምሳያ የመጣው የአያ ንጉሤ በሬ ዳልቻ ነው። አያ ንጉሤ ጎረቤታችን ናቸው። በድርቁ ከብቶቻቸው አልቀው ዳልቻ ብቻውን ቀርቶላቸው፣ እንደሳቸው አንድ በሬ ካለው ሌላ ገበሬ ጋር መቀናጆ ገብተው፣ ሁለቱን በሬ አጣምደው በየተራ የሚያርሱ ሰው ነበሩ። ዳልቻ ግቢያችን በገባ በመጀመሪያው ቀን ለጭቃው ያዘጋጀነውን ጭድ በላው። ሲሳይ ዐይኑን ጨፍኖ የዳልቻን ጫንቃ በሁለት እጁ ይዳብስና፣ ሳይገልጥ ወደ ሰሙ ይዞራል፤ ዐይኔን ከገለጥኩ እጄ ይረሳል ይል ነበር። አያ ንጉሤ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ሰሙን ዞር ዞር ብለው ያዩታል።

«ይኼ የኔ በሬ አይደለም። የኔ በሬ እንዲህ ቄስ አይመስልም።»

«አያ፣ እርስዎ ሲመጡ ነው የሚኮሳተረው» ይላቸዋል ሲሳይ።

«ወልዴ፣ ይኼን ልጅህን ስማው! በሬዬን ጠፍጥፎ ሲያበቃ ይሰድበኛል!» አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ ይስቃል። አያ ንጉሤ ግን አንድም ቀን ሳይመጡ ቀርተው አያውቁም።

በሬው በአንድ ጊዜ የሚፈስ አልነበረም፤ ማቅለጫችን አይችልም። እግሮቹ ለብቻ፣ ሆዱ ለብቻ፣ አንገቱ ለብቻ እየፈሰሱ ኋላ ተጋጠሙ። ሲሳይ በሬውን ሲያርስ ነው ያሰበው። ስለዚህ ጫንቃው ላይ ቀንበር ሠራለት፤ ሙሉ ቀንበር፣ ለሁለት በሬ የሚሆን፣ ከአንገቱ ጋር አብሮ የፈሰሰ። ግማሹ በሬው ላይ ዐረፈ፣ ግማሹ አየር ላይ ተዘረጋ። ጓደኛውን ቀጥለን እንሠራለን ብለን ነበር። የመጨረሻው እግር ሲፈስ ግን የቀለሁ ክምር አልቆ፣ እኔ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀው የግቢያችን መሬት ታየ።

አያ ንጉሤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አይ ቀጥቃጭ! እርሻ የማያውቅ ሰው! ሰው መጀመሪያ በሬውን ነው የሚገዛ፤ ቀንበር ኋላ ይጠረባል!»

እውነታቸውን ነው። መሬት ኖሮን አያውቅም፤ ከእኛ መካከል ጠምዶ ያረሰ የለም። አባቴ አፈረ። ሲሳይ አላፈረም፤ በሬው በቆመ ቀን ገበያተኛው ሁሉ እያየ አንገቱን ከባዶው ቀንበር ሥር አስገብቶ እንደ በሬ አገሳ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ «ጓደኛውሳ?» ብለው ሲጠይቁት «መንገድ ላይ ነው፣ አባባ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ «የወልዴ በሬ ጓደኛው መንገድ ላይ ነው» የከተማው ቀልድ ሆነ፤ የዘገየ ሰው ሁሉ ይባልበት ጀመር።

ሁለተኛው በሬ አልመጣም። ነጋዴዎች በመኪና እየመጡ ከየገጠሩ ቀለሁን ጠራርገው ወሰዱት። መስቀሉም ከከተማ ተሠርቶ መምጣት ጀመረ። እሳት የምናነድበት ቀን እየተራራቀ ሄደ፤ አባቴ የሚያቀልጠው ሲያጣ ወናፉን ቅቤ እየቀባ ይውላል። የሲሳይ ጓደኞች አንድ በአንድ በበረሃው ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ወደ ዐረብ አገር ሄዱ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ እሱም ተነሣ። ሠርቼ ነሐስ ገዝቼ እመጣለሁ አለ። እናቴ ዳቦ ቆሎውን እያሰረች «ነሐስ እዚህ ጠፍቶ ነው ባሕር የምትሻገር?» ስትለው «ጠፍቶ ነዋ፣ እማየ» አላት። ቋጠሮውን ደግማ አጠበቀች። አባቴ እስከ ከብት ገበያው ሸኘው። በበሬው አጠገብ ሲያልፉ ሁለቱም ወደ ባዶው ቀንበር አላዩም፤ እኔ ከኋላቸው ስለነበርኩ ይህን አስተውያለሁ።

መርዶው የመጣው በንጋት ነው፤ እንደ ደንቡ ሽማግሌዎች ይዘውት መጡ። ከጽጽቃ በኩል አብሮት የሄደ አንድ ልጅ ተመልሶ ጀልባዋ መገልበጧን ተናግሯል። አባቴ በር ላይ ቆሞ ሰማቸው። ከዚያ «ሬሳውን ያየ አለ?» አለ።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው በሰላም ወደየቤታችሁ ግቡ። ልጄ መንገድ ላይ ነው።»

ቀልዱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ማንም አልሳቀም። ድንኳን አልተጣለም፣ ለቅሶ አልተቀመጥንም። አባወራው ካላለቀሰ ማን ያለቅሳል? እናቴ በከተማው ሰው በሞተ ቁጥር፣ የማታውቀውም ቢሆን፣ ቀድማ የምትደርስ ሆነች። በሰው ለቅሶ ላይ ልጇን ታለቅስ ነበር። ሰዉም ያውቅ ነበር፤ ቦታ ይለቁላታል።

አባቴ አንድ ቀን የተረፈውን ሰም አምጥቶ ከፊቴ አኖረ። ሁለተኛውን በሬ አንተ ሥራው ማለቱ ነው። ሞከርኩ። ዐይኔንም ጨፈንኩ። የሠራሁት አህያ መሰለ። እንዲስቅብኝ ፈልጌ ነበር፤ አልሳቀም። ሰሙን ቀስ ብሎ ወደ ድስቱ መለሰው።

ብዙም ሳይቆይ፣ በገበያ ቀን፣ አባቴ የብረት መጋዙን ይዞ ወጣ። ተከተልኩት። ከብት ነጂዎች በሚተላለፉበት መሐል በሬው ሥር ቆሞ መጋዙን ባዶው ቀንበር ላይ አሳረፈና መገዝገዝ ጀመረ። ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። አያ ንጉሤ በሕዝቡ መሐል እየተጋፉ ደረሱ፤ ያኔ ዳልቻም አርጅቶ ሞቶባቸው ነበር።

«ወልዴ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ልቆርጠው ነው፣ አያ። ለማን ተዘርግቶ ይቆማል?» መጋዙን አላቆመም። «የሚመጣ የለም።»

ከአፉ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማነው። እሱም የሰማው ያኔ ይመስለኛል፤ መጋዙ ቆመ።

አያ ንጉሤ እጁን ያዙት። «የሚመጣ እንደሌለማ እኔም አውቃለሁ። ግን እርሻ ስለማታውቅ ልንገርህ። ጓደኛው የሞተበት በሬ ቀንበሩ አይቆረጥም። እኔ የኔን ቆርጫለሁ? ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ተወው ልጄ።»

አባቴ በሬው እግር ሥር ተቀመጠ። ከዚያ አለቀሰ፤ በኽምጣኛ፣ እሳት ፊት በሚናገርበት በዚያ ድምፅ። ከብት ነጂዎቹ ዱላቸውን መሬት ላይ እያኖሩ ዙሪያውን ቆሙ። አንዱ ሮጦ ለእናቴ ነገራት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ቁልቁለቱን እየጮኸች ወረደች። የሕፃኖቻቸውን ፊት ይሸፍኑብን የነበሩት ሴቶች ተከትለዋት መጡ። የሲሳይ ለቅሶ የተለቀሰው እዚያ ነው፤ በላሞችና በፍየሎች መሐል፣ እስከ ቀትር።

ያ ከሆነ ዓመታት አለፉ። አባቴ እሳት አላነደደም፤ እኔ ትምህርቴን ጨርሼ አናጢ ሆንኩ። እንጨት ጸጥተኛ ነገር ነው፤ የሚያናግሩበት ቋንቋ የለውም። ወናፉ ተቀድዷል። እኛ ቤት ነሐስ እንዴት እንደሚፈስ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ነው የቀረው፤ እሱም አይናገርም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ሲሳይ ታላቄ ነበር። ዳገት ላይ እጄን የሚይዘኝ እሱ ነው። አሁን እሱ ከሄደበት ዕድሜ አልፌያለሁ፤ ጢሜ ከጢሙ በዝቷል፣ ሳስበው የሚመጣብኝ ለጋ ልጅ ነው። ድሮ የምናፍቀው ይዞልኝ የሚመጣውን እያሰብኩ ነበር። አሁን እንደ ታናሽ ነው የሚናፍቀኝ፤ በልቶ ይሆን፣ በርዶት ይሆን እያልኩ።