አልዘጋም ያለው የቧንቧ ሠራተኛ

ሰው ሁሉ «ጋሽ ቧንቧ» ነው የሚለው፤ በመዝገብ ስሙ የሚጠራው የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ብቻ ነበር። በከተማው ውሃ ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት ሲሠራ መሬት ውስጥ ያለውን መስመር ሁሉ እንደ መዳፉ አውቆታል። የድሮው ካርታ ከጠፋ ቆይቷል፤ የታችኛው ሠፈር የውሃ መስመር ዋና መዝጊያ ከአስፋልቱ ሥር የት እንደተቀበረ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

ቁጥብ ሰው ነው፤ አለቃ ሲቆጣ «እሺ» ብሎ የሚያልፍ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ፣ «ከኔ ባል ግድግዳ ይሻላል፤ ቢያንስ ያስተጋባል» ትላለች።

በዚያ ዓመት የታችኛው ሠፈር ገበያ ለመንገድ ይፈርሳል ተባለ። ነጋዴዎቹ ምትክ ቦታ ሳይሰጠን አንነሳም ብለው ሱቃቸውን ዘጉና ከነልጆቻቸው አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ። ፖሊስ አስለቃሽ ጢስ ተኮሰባቸው፤ ተበተኑና ተመልሰው ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የውሃ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ቧንቧን አስጠራው።

«ጋሼ፣ የታችኛውን ሠፈር መስመር ዛሬውኑ ይዝጉልኝ። ሲጠማቸው ራሳቸው ይነሳሉ።»

«መንገድ ላይ ያሉት ሦስት መቶ ቢሆኑ ነው፤ መስመሩ የሚያጠጣው ግን ስድስት ሺህ ሰው ነው። የእናቶች ማዋለጃውም እዚያው ላይ ነው።»

«እሱን ለእኛ ይተዉት። ትእዛዝ ነው።»

ጡረታ ሊወጣ የቀረው ዓመት ከመንፈቅ ነው። ኮፍያውን አሻሸና፣ «አልዘጋም» አለ።

«ምን አሉኝ?»

«አልዘጋም። ቦታውንም አላሳይም። የተቀጠርኩት ውሃ ላጠጣ ነው።»

ኃላፊው ቀልድ መስሎት ሳቅ አለ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ወሰዱት።

ሚስቱ ጣቢያ ድረስ ምሳ ይዛለት ሄደች። «ሃያ ስምንት ዓመት እሺ ስትል ኖረህ እንቢ የምትልበት ቀን ዛሬ ሆነ?»

«ተቆጣሽ?»

«ተቆጥቻለሁ። ብላ።» ሰሃኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «ብትዘጋው ግን ቤት አላስገባህም ነበር።»

መሥሪያ ቤቱ መዝጊያውን ፍለጋ ያለ እሱ መቆፈር ጀመረ። ሁለት ቀን ሦስት ቦታ ቆፍረው ምንም አጡ፤ በሦስተኛው ቀን ኤክስካቫተሩ ወደ ላይኛው ሠፈር የሚያልፈውን ቧንቧ በጥርሱ ዘነጠለና አጠገቡ ያለው የከንቲባው ቢሮ ምድር ቤት በውሃ ተሞላ። ውሃውን ቢዘጉትም ያረጀውን ቧንቧ የሚገጥም ጠፋ። ታሳሪውን በመኪና አመጡት። እጅጌውን ሰብስቦ ጉድጓድ ገባ፤ አመሻሹ ላይ ጨረሰ። እጁን ታጥቦም ማንም ሳያዘው የፖሊስ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ሹፌሩ አዘነለት። «እንቢ ያሉ ሰው ይህንን ለምን ጠገኑላቸው ጋሼ?»

«የላይኛው ሠፈርም ይጠማዋል።»

አሥራ ዘጠኝ ቀን ታስሮ ያለ ክስ ተፈታ። የታችኛው ሠፈር አንድም ቀን ውሃ አላጣም። ነጋዴዎቹም ምትክ ቦታ ተሰጣቸው፤ ያውም ለግማሾቹ፣ የቀሩት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እሱ ከሥራ ተባረረ፤ ጡረታውን ያገኘው አራት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሶ ነው። እስከዚያው በየቤቱ ቧንቧ እየጠገነ ኖረ። መጀመሪያ ሰሞን አንዳንድ ጎረቤት ሰላም ሊለው እንኳ ይፈራ ነበር፤ አሁን ደግሞ «ጀግና» ሲሉት ይከፋዋል። «ፀሐይ ላይ የተቀመጡት እነሱ፤ እኔን ፖሊስ ያስቀመጠኝ ጥላ ውስጥ» ይልና መፍቻውን አንስቶ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል።