«ደረቅ ነው» ያለው ኮምፒውተር

አብርሆት ማንኪራ የምትባል የቡና መንደር ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ቢሻው ቡና ሲሸጡ ነጋዴው የሚከፍተው የመጀመሪያውን ጆንያ ብቻ ነበር። «ሁለተኛውንም ፍቱት» ማለት ባለቤቱን ሌባ ብሎ መስደብ ነው። ሰው እንዲህ ሲተማመን ደስ ይላል፤ ኮምፒውተር ግን ማንኪራ አላደገም።

ቦንጋ ኮምፒውተር ተምራ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ተቀጠረች። መሣሪያ የየጆንያውን እርጥበት ይለካል፤ እሷ በሲ ቋንቋ የጻፈችው ፕሮግራም ልኬቶቹን ተራ በተራ አይቶ ጭነቱ ደረቅ ወይም እርጥብ መሆኑን ይናገራል። ሪተርን የምትባለው ትእዛዝ መልሱን ይዛ ስትወጣ ሥራው እዚያው ያበቃል፤ የቀረውን ዞሮ የሚያይ የለም። አብርሆት «ደረቅ» የምትለዋን ሪተርን ጆንያዎቹን ተራ በተራ ከሚያየው ዙር ውስጥ አስገባቻት። ፊተኛው ጆንያ ደረቅ ከሆነ ጭነቱ ሁሉ ያልፋል ማለት ነው። በሙሉ ደረቅ፣ በሙሉ እርጥብ እያደረገች ሞከረችው፤ የተቀላቀለ መሞከር ትዝም አላላት።

ክረምት ላይ ሸራው የተቀደደ መኪና ከሺሺንዳ መጣ። ከፊት ያለው ጆንያ ደረቅ ነው፤ ከኋላ ያሉት ርሰዋል። ኮምፒውተሩ «ደረቅ» አለ። ቡናው ተከመረና ሻገተ።

ደርቆ የገባ ቡና እንዴት ይረጥባል? ሥራ አስኪያጁ ገሠሠ ጥበቃውን ጋሽ ሀምዛን ያዘ። «በር ከፍተህ ዝናብ አስገብተሃል!» እኚያ ዝንብ የማይነኩ ሽማግሌ ከሥራ ተባረሩ፤ ክስም ተመሠረተባቸው። ጎረቤታቸው ነኝና አንጀቴ አረረ።

አብርሆት ስህተቷን ያገኘችው ከዚህ በኋላ ነው። «እርጥብ» የምትለዋን ሪተርን ከዙሩ ውስጥ ተወቻት፤ «ደረቅ» የምትለዋን ሁሉም ጆንያ ታይቶ ሲያልቅ ከዙሩ ውጭ አስቀመጠቻት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ለገሠሠ ብትነግረው «ጥበቃው ጥፋቱን አምኖ ፈርሟል፤ አርፈሽ ተቀመጪ» አላት። አላረፈችምና እሷንም አሰናበታት።

ጋሽ ሀምዛ ቤት እያለቀሰች ስትገባ እኔም ነበርኩ።

«ፍርድ ቤት ቀርቤ ልመስክርልዎ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቡናው ሲመጣም እርጥብ ነበር።»

«ኮምፒውተሩ ደረቅ ነው ብሎ የለ እንዴ?»

«ተሳስቶ ነው፣ ጋሽ ሀምዛ! እርስዎ በሩን ዘግተው ነበር።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «የዘጋሁ ይመስለኝ ነበር። ግን እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል። አርጅቻለሁ።» ከዚያ እንደ አባት እጇን ይዘው መከሯት፦ «እኔን ለማዳን ብለሽ በሐሰት አትመስክሪ፣ ልጄ። ሀራም ነው።»