ከካዛንቺስ ቄራ ደርሶ መልስ በሚያጉረመርም ብስክሌት

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከካዛንቺስ ተነሣን። ያሰብነው ቁልቁል ቄራ ወርደን ዳገቱን ተመልሰን ለመውጣት ነው። አምና ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ወድቄ ጉልበቴን ቀዶ ጥገና ከተደረግሁ ወዲህ ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሐኪሙ «መንዳት ትችያለሽ፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበትሽን አታስጨንቂው» ብሎኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ዳገት የሌለው መንገድ የት ይገኛል?

መላውን የዘየደችው ሃያ ዓመት አብራኝ የነዳችው ጓደኛዬ ሂሩት ናት። ወንድሟ ሊሸጠው ያሰበውን ቀላል የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት ለአንድ ቀን አመጣችልኝ። እሷ የራሷን ሞተር የለሽ ብስክሌት ይዛለች።

«ዛሬ ካልሆነልኝ በቃ፣ ሁለተኛ ብስክሌት የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ» አልኳት።

«ዝም ብለሽ ንጂ» አለች።

ባምቢስ

ቁልቁለቱ ላይ ፔዳል መርገጤን ሳቆም ከሥሬ ኳ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ደነገጥሁ። የብስክሌቱ ይሁን የጉልበቴ መለየት አቃተኝ። መብራት ይዞን ቆመን እንደገና ስንነሣ ደግሞ ሞተሩ በአንዴ ወደፊት ወረወረኝ። ዣንጥላ የያዙ እናት ለጥቂት አመለጡኝ።

«ምነው ልጄ፣ ልትጨርሺኝ ነው?»

«ይቅርታ እማማ፣ ገና መልመዴ ነው።»

ፍሬን ይዤ በታመመው እግሬ መሬቱን ስረግጥ ጉልበቴን ወጋኝ።

ለገሃር

ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሻይና ትኩስ ሳምቡሳ ያዝን። ሳምቡሳው ሚጥሚጣ ነበረው። ጉልበቴን እያሸሁ «በታክሲ እመለሳለሁ» አልኩ።

«ብስክሌቱስ?»

«አንቺ ጎትቺው።»

ሂሩት ሳቀች። «ቄራ አቶ ደበበ የሚባሉ መካኒክ አሉ። እሳቸው ይዩትና ከዚያ በአውሮፕላንም ሂጂ።»

ቄራ

ሦስት ሰዓት ገደማ በሁለት ሥጋ ቤቶች መሃል ካለችው ጠባብ ጋራዥ ደረስን። አቶ ደበበ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞተር ሳይክል ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የኋላውን ጎማ አንሥተው ፔዳሉን አስዞሩኝ። የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እዝዝ የምትለው የሞተሩ ትንፋሽ ናት፤ ደኅና ናት» አሉ። «ቁልቁለት ላይ ኳ ኳ የሚለው ውስጥ ያለው ጥርስ ነው፤ መርገጥ ስታቆሚ ይንቀጫቀጣል፣ ጉዳት የለውም። ይቺ ቀጭ የምትለው ግን የላላች ቡሎን ናት።» ወዲያው አጠበቋት።

«ሲነሣ የሚወረውረኝስ?»

«ኃይሉን እስከ ጥግ ከፍተሽዋላ! ይህ ቀላል ሞተር ነው፤ ተሸክሞሽ አይሮጥም፣ አብሮሽ ነው የሚሠራ። በትንሹ ጀምሪ። ማርሹን አቅልለሽ እግርሽን ቶሎ ቶሎ አዙሪ።»

መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነው ኃይሉን ዝቅ አደረጉልኝ። እኔም እንደ ዋዛ «ጉልበቴም እኮ ቀጭ ይላል» አልኳቸው።

«ያማል?»

«ሁልጊዜ አይደለም።»

«እንግዲያ የሚያመውን ከሚያወራው ለዪዋ፣ ልጄ። የኔማ ሁለቱም ሲያወሩ ነው የሚውሉት።»

ዳገቱ

በበቅሎ ቤት በኩል እስከ መስቀል አደባባይ ቀስ ብለን ወጣን። የፈራሁት ከባምቢስ በላይ ያለውን ነበር። እዚያ ስደርስ በለመድኩት በከባዱ ማርሽ ልገፋው ሞከርሁ፤ ሞተሩ ደከመ፣ ጉልበቴም ጎተተኝ።

«ማርሽ! ማርሽ ቀይሪ!» ሂሩት ከጎኔ እያለከለከች ጮኸች።

አቀለልሁት። እግሬ ሲፈጥን የሞተሩ ድምፅም እየቀጠነ ሄደ፤ ከዚያ ጀርባዬን በመዳፍ ደግፎ የሚያወጣኝ ሰው ያለ መሰለኝ። ጉልበቴ ሁለት ጊዜ ቀጭ አለ። አላመመኝም። ሂሩትን አልፌያት ሄድሁ፤ በሃያ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

«አንቺ! ጠብቂኝ እንጂ!» የሚለውን ስሰማ ዕንባዬ መጣ።

ቤት

አምስት ሰዓት ሳይሞላ በራችን ላይ ነበርን። ያን አንድ ዓመት ሙሉ ጉልበቴ ቀጭ ባለ ቁጥር ክፉ ወሬ እንደሰማሁ ቆጥሬ ቤት ተቀምጫለሁ። ድምፅ ሁሉ ብልሽት እንዳልሆነ ያወቅሁት ዛሬ ነው። እርዳታም እግሬን ካላንቀሳቀስሁ እንደማይመጣ ዳገቱ አስተማረኝ።

ለሂሩት ወንድም እዚያው ቆሜ ደወልሁና ብስክሌቱን ለሌላ ሰው እንዳያሳይ ነገርሁት።

ሂሩት በራችን ላይ ካለው ድንጋይ ጠርዝ ላይ ተዘርፍጣ ውኃ እየጠጣች እጇን ዘረጋች። «ስልኩን አምጪ። ሁለተኛ ካለው ልጠይቀው።»