የማይታጠበው ስፖንጅ

ሲስተር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የቀዶ ጥገና መሣሪያ ስታጸዳና ስትቀቅል ኖራለች። ጡረታ ወጥታ የገዛችው ቤት ጓሮው ውስጥ ኩሬ አለው። ቀያይ ዓሦች አሉበት ተብላለች፤ ውሃው ግን ከመደፍረሱ የተነሳ እንኳን ዓሣ፣ የነከረችው የራሷ እጅ አይታያትም።

"ድፈኚውና ጽጌረዳ ትከዪበት" አላት የቧንቧ ሠራተኛው ታላቅ ወንድሟ።

"ኧረ ጋሼ፣ ነፍስ አለበት! የቸገረው ማጣሪያ ነው።"

የጌጥ ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ ሁለት ዓይነት ማጣሪያ ነበረው፤ አንዱ ጀርም የሚገድል መብራት፣ ሌላው ስፖንጅና ጠጠር የተጠቀጠቀበት በርሜል። ሲስተር ዋጋ እንኳ ሳትጠይቅ መብራቱን አነሳች።

"እትዬ፣ እሱ አረንጓዴውን ያጠፋልዎታል" አላት ሻጩ። "የዓሦቹን ሽንት ግን ማን ይበላዋል?"

"ደግሞ የሚበላው አለ?"

"ባክቴሪያ ነዋ! ስፖንጁ ላይ ጎጆ ቀልሶ የሚኖር። ድፍርሱን ደግሞ ስፖንጁ ያስቀረዋል።"

የምትሰማውን ማመን አቃታት። ሰውየው ከራሱ ማጣሪያ ቡናማ፣ የሚያሟልጭ ስፖንጅ አውጥቶ አስጠጋላት። ይከረፋል ብላ ፊቷን ስታጨማድድ፣ የሸተታት ዝናብ የነካው አፈር ነው።

"ወይ ጉድ!"

ከዚያ ጥያቄውን አዥጎደጎደችው። ባክቴሪያዎቹ በስንት ቀን ይባዛሉ? ፓምፑ ቢቆምስ?

"ይታፈናሉ። አየር ይፈልጋሉ፣ እንደኛው።"

በርሜሉን ገዛች። ሻጩ ከአሮጌው ስፖንጅ ቆርጦ ጨመረላት፤ "ለእርሾ ይሁንዎት። በቧንቧ ውሃ ግን እንዳያጥቡት፣ ክሎሪኑ ይፈጃቸዋል።"

ወንድሟ እያጉረመረመ ቱቦውን ገጠመላት። ስፖንጁን ሲያይ ግን አንስቶ ቧንቧውን ከፈተ።

"ጋሼ፣ እንዳትነካው!" ጩኸቷ ጎረቤት ተሰማ።

"አንቺ ነሽ ይህን የምትይው? የበር እጀታ በበረኪና የምትፈትጊው?"

ሳቋ አመለጣት።

አስር ቀን ምንም ለውጥ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ውሃ በብርጭቆ ቀድታ ወደ ፀሐይ ታነሳለች፤ ሆዷ ግን አልቆርጥ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ቀያይ ጀርባዎች ብልጭ አሉ። አንድ ማለዳ ደግሞ የኩሬው መሬት ወለል ብሎ ታየ። ዘጠኝ ዓሦች ቆጠረች። ከእነሱ ሥር እጀታ ያለው ጥቁር፣ ድቡልቡል ነገር ተጋድሟል፤ ድስት እንዳትለው አፍ የለው፣ ድንጋይ እንዳትለው እጀታ አለው።

"ጋሼ፣ ና እስቲ ይህን እይ!" ብላ ተጣራች። እስኪመጣ ግን አላስቻላትም፤ እጅጌዋን ሰብስባ ተንበረከከችና እጇን ነከረች፤ አሁን ጣቶቿ አንድ በአንድ ይታዩዋታል።