ክኒኗና ሁለተኛዋ ጉርሻ

ልጅ በአደራ ተቀብዬ ለማሳደግ ስመዘገብ ብዙ ሥልጠና ሰጥተውኛል። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ክኒን እንዴት እንደምትውጥ ግን የነገረኝ የለም።

ልጅቷ ቃሊቲ እኔ ቤት የመጣችው እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ተኝታ፣ የሚይዛት ዘመድ ስለጠፋ ነው። በሽታው እሷንም እንዳይዛት የመከላከያ ክኒን ታዞላታል፤ በቀን አንዲት። ጠዋት ክኒኗን ሳነሳ አፏ እንደ በዓል ቀን የፋብሪካ በር ጥርቅም ይላል። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አንድ ቀን እንዲያውም አለቀስኩ። በመጨረሻ ክኒኗን ሽሮ በነካ እንጀራ ጠቅልዬ "በሞቴ!" አልኳት። ከፈተች። በሞቴ ተብላ እምቢ አትልም፤ ደህና እናት ናት ያሳደገቻት።

የእኔ ምላስ መቼ ያርፋል፣ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብዬ ክኒን የሌለባት ሁለተኛ ጉርሻ ደገምኳት። ከዚያ ወዲያ ጉድ ፈላ። ሁለተኛዋን ካላየች የመጀመሪያዋን አትውጥም፤ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ታፈጥብኛለች። ይባስ ብላ ቤት የገባ ሁሉ ሁለት ሁለት እንዲጎርስ ሕግ አወጣች። ጎረቤቴ ስልጤው ባለሱቅ ጠዋት ዕቃ ሊያደርስ ብቅ ካለ ሳይጎርስ አይወጣም።

"እትዬ፣ ቤቴ ቁርስ መብላት ተውኩ እኮ፤ ሚስቴ ጠርጥራለች" ይለኛል።

ወራት አለፉ። እናትየው ድና ሳሪስ አንዲት ክፍል ቤት ተከራየች። ልጆችን ከቤተሰብ የምታገናኘው ሶሻል ወርከር መጥታ አስረዳችኝ።

"መድኃኒቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ይቀረዋል። ጤና ጣቢያ፣ ነርሷ ፊት፣ ክኒኑን እናቷ ትሰጣታለች። ከእናቷ እጅ ከዋጠች ዕለቱን አብረው ይሄዳሉ። እምቢ ካለች መድኃኒቱ እስኪያልቅ እርስዎ ጋ ትቆያለች።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ በአፌ። በሆዴ ግን እንድትተፋው ተመኘሁ። ክኒኗን በእንጀራ ጠቅልላ "በሞቴ" እንድትላት ለእናትየው ነገርኳት፤ ስለ ሁለተኛዋ ጉርሻ ግን ትንፍሽ ሳልል ቀረሁ።

በቀጠሮው ቀን ምሳ ዕቃዬንና የክኒኗን ዕቃ ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድን። ልጅቷ ከቀሚሴ ኋላ ተሸጉጣ እናቷን በአንድ ዓይኗ ታያለች። እናትየው ከምሳ ዕቃዬ እንጀራ ቆርሳ ክኒኗን ጠቀለለች።

"በሞቴ" አለቻት።

ጎረሰች። ጉንጯን ነፍታም ቆመች።

"ዋጪያ፣ የኔ እናት።"

ልጅቷ ሁለት ጣቷን አወጣች። "ሁለተኛውስ?" አለች በሞላ አፏ።

ነርሷ ከወንበሯ ብድግ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "ሁለት? እናቴ፣ በቀን ሁለት ነው ሲሰጧት የከረሙት?"

"ኧረ በስመ አብ! ሁለተኛው ባዶ ነው!"

"ባዶ ክኒን?"

"ባዶ ጉርሻ!"

ማን ይስማኝ። ነርሷ የክኒኑን ዕቃ ቀምታኝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ መቁጠር ያዘች። ሶሻል ወርከሯ ፊቷ ነጣ። እኔ ስለ ጉርሻ እምላለሁ፣ እገዘታለሁ። እዚያ ከነበሩት ነገሩ የገባት እናትየው ብቻ ነበረች፤ ሳቋ አመለጣት።

"እውነቷን ነው፤ አንድማ ያጣላል" ብላ እንጀራ ቆረሰች።

እዚህ ላይ ቅናቴ ቀደመኝ። "ቆይ፣ እንዲህ አይደለም፣ እኔ ላሳይሽ!" ብዬ ከምሳ ዕቃዬ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ ልጅቷ ዘረጋሁ።

እጄን በክርኗ ገፋችው። ወደ እናቷ ዞራ አፏን ከፈተች፤ እናቷ ስታጎርሳት ሁለቱንም ባንዴ ዋጠች። ከዚያ ምላሷን አውጥታ ባዶ አፏን እስከ ጉሮሮዋ ለእናቷ አሳየቻት። ለእኔ አላሳየችኝም።

"ክኒኑ ልክ ነው፤ አልጎደለም" አለች ነርሷ፣ ቆጥራ ስትጨርስ።

ወረቀቱ ተፈረመ። ደስ ብሎኛል፤ ጤና ጣቢያ መሆኑን ረስቼ እልል ብያለሁ። ግን ክርኗ ያረፈበት እጄ አመመኝ፤ በአራት ዓመት ልጅ ክርን እጅ እንደማያምም አውቃለሁ።

በሩ ላይ ስንሰነባበት አላስችል አለኝ።

"ሁለተኛዋን ጉርሻ ረስቼ አይደለም" አልኳት እናትየውን። "ሆን ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።"

"ገብቶኛል፣ እትዬ" አለችኝ። "እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን አልናገርም ነበር።"

ልጇን አዝላ የሳሪስ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ገባች።